የቾጎሪያ መንገድ፦ በማይክልሰን ሐይቅ በኩል እስከ ሌናና ጫፍ

የኬንያ ተራራ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚገኝ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በከፍታው ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛ ነው። ከጫፎቹ ከፍተኛ የሆኑት ባቲያን (5,199 ሜትር) እና ኔሊዮን (5,188 ሜትር) በገመድና በዐለት መውጣት ችሎታ ብቻ የሚደረስባቸው ናቸው። ሦስተኛው ሌናና ግን 4,985 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም ጤናማና የተዘጋጀ ሰው በእግሩ ተጉዞ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ወደ ተራራው የሚሄደው ሰው አብዛኛው የሚያልመው እሱን ነው። ወደ ሌናና ከሚወስዱት የታወቁ መንገዶች ሲሪሞን ከሰሜን ምዕራብ፣ ናሮ ሞሩ ከምዕራብ፣ ቾጎሪያ ደግሞ ከምሥራቅ ይነሣሉ። ከሦስቱ ረጅሙ ቾጎሪያ ነው፤ ሸለቆውን፣ ሐይቆቹንና ገደሎቹን ላየ ሰው ግን ርዝመቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

ተራራው እሳት ይተፋ የነበረው ከ3.1 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ይገመታል። በዚያን ዘመን ከዛሬው ከፍታው በእጅጉ ይበልጥ ነበር፤ ምናልባትም ከ6,000 ሜትር ያልፍ ነበር። ባቲያንና ኔሊዮን የእሳተ ገሞራው አፍ ራሱ ሳይሆኑ፣ በጉሮሮው ውስጥ ቀዝቅዞ የጠጠረውና ዙሪያው ሲሸረሸር ብቻውን የቀረው ዐለት ናቸው። ሸርሻሪው በዋነኛነት በረዶ ነበር። ከጫፎቹ ወደ ታች የወረዱት ግዙፍ የበረዶ ግግሮች ሸለቆዎቹን ጎድጉደው፣ በየጎድጓዳው ውኃ አቁረው ሄዱ። ዛሬ በተራራው ላይ ተበትነው የሚታዩት ትናንሽ ሐይቆችና «ታርን» እየተባሉ የሚጠሩት ኩሬዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው።

ለኪኩዩ ሕዝብ ተራራው ኪሪንያጋ ነው፤ ፈጣሪ ንጋይ የሚያርፍበት ዙፋን ተደርጎም ይታያል። ከአውሮፓውያን መካከል አይቶ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ሚስዮናዊው ክራፕፍ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ውስጥ የኖረ፣ ለአገራችን ታሪክ አንባቢም እንግዳ ያልሆነ ነው፤ ተራራውን ያየው እ.ኤ.አ. በ1849 ከኪቱኢ ላይ ሆኖ ነው። በ1899 እንግሊዛዊው ማኪንደር ከሁለት የአልፕስ መሪዎች ጋር ባቲያን ላይ ወጣ፤ ለጫፎቹም የማሳይ ላይቦኖችን፣ ማለትም የመንፈሳዊ መሪዎችን፣ ስም ሰጣቸው። ሌናና፣ የባቲያን ጫፍ ስሙን ያገኘበት የምባቲያን ልጅ ነበር። ስለ ሌናና ጫፍ ከሚነገሩት ሁሉ ልብ የሚነካው ግን የ1943ቱ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ናንዩኪ አጠገብ ከነበረ የእንግሊዝ ካምፕ ሦስት ጣሊያናውያን የጦር ምርኮኞች አምልጠው፣ ከቁርጥራጭ ብረት ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ ተራራውን ወጡ። አንዱ ታሞ ከድንኳኑ ሲቀር ሁለቱ ሌናና ላይ ባንዲራቸውን ተከሉ፤ ከዚያም ሦስቱም ወርደው በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ካምፑ ተመለሱ።

የቾጎሪያ መንገድ ከቾጎሪያ ከተማ ተነሥቶ በእርሻና በደን መካከል ወደ ብሔራዊ ፓርኩ በር ያቀናል። በሩ 2,950 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የደጋ ሰው ለሆነ ኢትዮጵያዊ ከበሩ በታችም ሆነ በላይ ያለው ዕፅዋት እንግዳ አይሆንበትም፤ ከታች ዝግባና ቀርከሃ፣ በበሩ ዙሪያ ሽበት የሚመስል የዛፍ ጢም (ላይከን) ያንጠለጠለ ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጓሳ እየተተካኩ ይሄዳሉ። በደኑ ውስጥ ጉሬዛ፣ ጎሽና ዝሆን ይኖራሉ። ከጎሽ ጋር ድንገት መገናኘት አደገኛ ስለሆነ፣ በጫካው ክፍል ከመሪ ተነጥሎ መሄድ ወይም በማታ መንቀሳቀስ አይገባም።

በመጀመሪያው ቀን ጓሳው ሜዳ ላይ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ኤሊስ ሐይቅ ይደረሳል። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው፣ ዳርቻው ለጥ ያለ፣ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚገኝበት ነው። ከዚህ በላይ ያለው ቀጣና ዕፅዋት ቀን በጋ፣ ሌሊት ክረምት የሚፈራረቅባቸው ናቸው፤ በምድር ወገብ አጠገብ ወቅቶች ብዙም ስለማይለያዩ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ይህን ለመረዳት በማለዳ አንድ ጅብራ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። የተራራው አንደኛው የጅብራ ዓይነት ቅጠሎቹን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ደርድሮ በመካከላቸው ውኃ ይይዛል። ንጋት ላይ የውኃው ገጽ እንደ መስታወት በሳሳ በረዶ ተሸፍኖ ይገኛል፤ በረዶውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ውኃ አልረጋም፤ ከመካከል የተደበቀው ለጋ እምቡጥም ደኅና ነው። በአጠገቡ የሚቆመው ዴንድሮሴኔሲዮ የተባለው ዛፍ መሰል ተክል ደግሞ የደረቁ ቅጠሎቹን ሳያራግፍ በግንዱ ዙሪያ እንደ ጋቢ ይደርባቸዋል።

ከኤሊስ ሐይቅ በኋላ መንገዱ ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው ሸንተረሩን ይዞ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ወደ ሚንቶስ ሰፈር በቀጥታ ይሄዳል። ሁለተኛው ጎርጅስ ወደሚባለው ሸለቆ ወርዶ፣ ሸለቆውን ተከትሎ ማይክልሰን ሐይቅ ይደርሳል። ብዙ ተጓዦች አንድ ቀን ለመቆጠብ ሲሉ ሸንተረሩን መርጠው ሐይቁን ከላይ፣ «ቴምፕል» ከሚባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ፎቶ አንሥተውት ያልፋሉ። እይታው በእርግጥም ያስደነግጣል፤ ገደሉ 300 ሜትር ገደማ ቁልቁል ተሰንጥቆ ሲወርድ ጥቁር ሰማያዊው ውኃ ከሥሩ ይታያል። ነገር ግን ይህን ሐይቅ ከላይ አይቶ ማለፍ በቾጎሪያ መንገድ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ውበቱ ብቻ አይደለም። ሐይቁ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሦስት ወገን በግድግዳ በተከበበ የሸለቆ እልፍኝ ውስጥ ስለሚገኝ ከሸንተረሩ ነፋስ የተጠለለ ነው፤ ውኃም በቅርቡ አለ። ከ3,500 ሜትር ተነሥቶ በአንድ ቀን 4,300 ሜትር ላይ ማደር፣ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚተኛ ሰው ከሚመክሩት የ300 እስከ 500 ሜትር የአንድ ሌሊት ጭማሪ በጣም ያልፋል። ሐይቁ ዳር የሚታደረው ሌሊት ይህን ዝላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ሌናና ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሰውነት ይህን የሚለምደው በጥንካሬ ሳይሆን በጊዜ ነው። ወጣትና ስፖርተኛ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ወጣቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታመማል።

የሕመሙ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ባሉበት ከፍታ ማረፍ ይገባል፤ ካልተሻለ መውረድ ነው። ቁጭ ብሎም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው ሳል፣ የእግር መንገዳገድ ወይም የአነጋገር መዘባረቅ ከታየ ግን ሳንባ ወይም አንጎል ውኃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን ሳይጠብቁ በሽተኛውን ወዲያው ማውረድ ግድ ነው። ጓደኛውን ላለማሳፈር ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ራሱንም ጓደኞቹንም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ በየምሽቱ እርስ በርስ መጠያየቅ የጉዞው ሥርዓት አካል ሊሆን ይገባል።

ከሐይቁ ወደ ሚንቶስ የሚያወጣው አቀበት አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰፈሩ ሆል በሚባሉት ኩሬዎች ዳር ሲሆን፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሽኮኮዎች የምግብ ከረጢት ፍለጋ መምጣታቸው አይቀርም። ወደ ጫፉ ጉዞ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የግንባር ባትሪ አብርተው፣ በልል ኮረት ላይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ግማሽ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ፣ 4,620 ሜትር ገደማ ወዳለው ሲምባ ኮል ወደሚባለው በር ይወጣሉ። ከዚያ በሃሪስ ኩሬ በኩል መንገዱ ዐለታማ ይሆናል፤ እጅም ሥራ ያገኛል። ጫፉ አጠገብ የተተከሉት የብረት ገመድና መወጣጫ ይረዳሉ፤ ሆኖም ሌሊት ውርጭ ሲይዛቸው ስለሚያንሸራትቱ ጓንት ያስፈልጋል። ሰማይ ከጠራ ፀሐይ ስትወጣ ኪሊማንጃሮ በደቡብ አድማስ ላይ ይታያል። ሆኖም ከረፋዱ ጀምሮ ደመና ስለሚሰበሰብ በማለዳ መድረስ ያሻል።

ከጫፉ ሥር በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የሉዊስ የበረዶ ግግር በምድር ወገብ አካባቢ ካሉት ሁሉ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋር ሲነጻጸር የቀረው ጥቂት ቁራጭ ነው፤ የድሮ ፎቶግራፎች ላይ ወፍራም በረዶ የሞላበት ቦታ ዛሬ ግራጫ ኮረት ተንጣሎበታል። ተራራውን ዛሬ የሚያይ ሰው ልጆቹ የማያዩትን ነገር እያየ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ለጉዞው የሚመረጡት ደረቅ ወራት ጥርና የካቲት እንዲሁም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው። ተራራው እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን፣ ብቻን መግባት ስለማይፈቀድ ከመሪ ጋር መሄድ ያስፈልጋል። የፓርኩን መግቢያና የመሪውን ጉዳይ ከመነሣት በፊት መጨረስ ይገባል። የተሸካሚዎች ጫማ፣ ልብስና የሸክም ልክ የአዘጋጁ ብቻ ሳይሆን የተጓዡም ኃላፊነት ነው፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ላይ በሳሳ ብርድ ልብስ የሚያድረው ሰው የሌሎችን ሙቅ መኝታ ተሸክሞ የወጣ ነው።

ሲወርዱ በመጡበት መመለስ ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው ግን በሌላ በኩል መውጣትን ይመርጣል። በሲሪሞን በኩል መውረድ ደረቅና ለጉልበት የሚራራ ነው። በናሮ ሞሩ በኩል ከሆነ ቴሌኪ ሸለቆን አልፎ፣ «ቀጥ ያለው ረግረግ» የሚል ስም የተሰጠው ጭቃማ ቁልቁለት ይጠብቃል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ በዚያ ለሚወርድ ሰው የመራመጃ ዱላ አስፈላጊ ነው።