«የነጭ እባብ ንክሻ መድኃኒት የለውም»፦ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

«ጥቁር እባብ ቢነድፍህ መድኃኒት አለው፤ ነጭ እባብ ከነደፈህ ግን መድኃኒት ብትፈልግ አታገኝም።»

ይህን አባባል ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ስለ ቆዳ ቀለም ሲያወራ ነው። ፈረንጅን አትመን ለማለት። በእኔ እምነት እንዲህ መረዳቱ አባባሉን በጣም ያሳንሰዋል። ነገሩ የመሬት ጉዳይ ነው።

የተነገረው በትግርኛ ነው። በዛሬዋ ኤርትራ የሚገኘው የአከለ ጉዛይ አውራጃ ገዢ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ ለወንድማቸው ለሰንጋል የተናገሩት ነው ይባላል። ባህታ ደግሞ ጣሊያንን ከሩቅ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ካቶሊክ ነበሩ፤ አከለ ጉዛይን የሚገዙትም በጣሊያን ሹመት ነበር፤ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የተናገረው።

ጣሊያን እዚያ ምን ፈልጋ መጣች? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን መርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። የእንፋሎት መርከብ መንገድ ላይ ከሰል የሚሞላበት ወደብ ይፈልጋል። በ1882 መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ እንግሊዝም ፈረንሳይ እንዳትቀድም ስለሰጋች አበረታታችው። በ1890 ኤርትራ የምትባል ቅኝ ግዛት ታወጀች።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ሌላ ጭንቀትም ነበር። መሬት ያጣ የጣሊያን ገበሬ በየዓመቱ ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ነበር። የሮም ፖለቲከኞች ታዲያ ገበሬውን በቅኝ ግዛታቸው ማስፈር አማራቸው፤ ሥራውንም ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የሚባል የፓርላማ አባል ያዘ። ጊዜውም ተመቻቸው። «ክፉ ቀን» የሚባለው ታላቅ ረሃብ ከብቱንም ሰዉንም ፈጅቶ ነበርና ደጋው ባዶ መስሎ ታያቸው። ያሳዝናል፣ ከብቱን የጨረሰው በሽታ ራሱ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከ1893 እስከ 1895 ባለው ጊዜ ከ300,000 ሄክታር በላይ መሬት የመንግሥት ተባለ።

አባባሉ የሚገባን እዚህ ጋ ነው። የአገሩ መስፍን ግብር ይጭናል፣ ከብት ይነዳል፣ ወታደሩን ባላገሩ ቤት ያስገባል። መርዝ ነው፣ ማንም አይክደውም፤ ባህታም በወጣትነታቸው ከእነዚሁ መሳፍንት ጋር ተጣልተው ሸፍተዋል። ግን መስፍን ይሻራል፣ ይሞታል፣ ርስት ይቀራል። በረሃብ የተሰደደ ሰው ልጁ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ «የአባቴ ርስት» ብሎ ቢጠይቅ የሚመሰክርለት ሽማግሌ አያጣም። አዲሱ ገዢ ግን ያንን ርስት በአዋጅ ወስዶ ከባሕር ማዶ ለመጣ ገበሬ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ለማን አቤት ይባላል? መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ባህታ ታኅሣሥ 1894 ሰገነይቲ ላይ ተነሡ። የጣሊያኑን ሹም አሰሩ፣ የቴሌግራፍ ሽቦውን በጠሱ። ሃላይ የነበረውን ምሽግ ሲያጠቁ የጣሊያኑ መኮንን የማጆር ቶዘሊ ጦር ከኋላ ደረሰባቸውና ተገደሉ፤ ሁሉም ነገር ሳምንት አልሞላውም። ሰንጋልና የተረፉት ወደ ትግራይ ገዢው ራስ መንገሻ ሄዱ። ጣሊያን ትግራይ ድረስ ገፋች፣ ነገሩም በመጋቢት 1896 ዓድዋ ደረሰ።

የገበሬ ሰፈራው ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። በ1897 የተሾመው የቅኝ ግዛቱ ገዢ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ባላገሩ ዳግም እንዳይነሣ ስለፈራ እቅዱን ተወው። የባህታ አመፅ ከንቱ ቀረ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ቅኝ ግዛቱ ግን እስከ 1941 ቆየ። ጣሊያን ከዚያ ወዲያ ከኤርትራ የምትፈልገው ከመሬቱ ይልቅ ወጣቱን ሆነ። አስካሪ (የቅኝ ግዛት ወታደር) አድርጋ በ1912 ወደ ሊቢያ ጦርነት ላከችው፤ በ1935ም ኢትዮጵያን ስትወር አሰለፈችው።