ስኮት ፒልግሪም ቨርሰስ ዘ ወርልድ፦ ኤክስን እንደ ቦስ የሚያስገጥም ፊልም

ፊልሙ ገና ሳይጀምር ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ያ የምናውቀው የዩኒቨርሳል አርማ፣ የሚሽከረከረው ሉል፣ እንደ ድሮ ጌም በትንንሽ ካሬዎች ተሠርቶ ብቅ ይላል። ሙዚቃውም ጢው ጢው የሚል የጌም ድምፅ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ገደማ የሚሆነውን ነገር ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ነው።

"ስኮት ፒልግሪም ቨርሰስ ዘ ወርልድ" በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የፍቅር፣ የኮሜዲና የድብድብ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ኤድጋር ራይት ነው። ስኮት (ማይክል ሴራ) ቶሮንቶ የሚኖር የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሥራ የለውም፣ ከጓደኛው ከዋላስ ጋር አንድ ፍራሽ ተጋርቶ ይተኛል፣ ስሙን ግማሽ በግማሽ ከማሪዮ ጌም ባለ እግር ቦምቦች በወሰደ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። አንድ ቀን የፀጉሯን ቀለም ቶሎ ቶሎ የምትቀያይር ራሞና ፍላወርስ (ሜሪ ኤሊዛቤት ዊንስቴድ) የምትባል አሜሪካዊት ያያል። አለቀለት። ከእሷ ጋር መሆን ከፈለገ ግን ሰባት ኤክሶቿን (የቀድሞ ፍቅረኞቿን) አንድ በአንድ ገጥሞ ማሸነፍ አለበት። እንዴት እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚገረም ሰው ፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጌም ውስጥም እኮ ቦሱ፣ ማለትም የሌቭሉ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ትልቁ ጠላት፣ ለምን መንገድ ላይ ቆመ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መነሻው ካናዳዊው ብራያን ሊ ኦማሊ ከ2004 እስከ 2010 በስድስት ቅጽ ያወጣው ኮሚክስ ነው። ስኮት ፒልግሪም የሚለውን ስም ያገኘው ፕለምትሪ ከሚባል የሃሊፋክስ ባንድ ዘፈን ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ የመጨረሻው ቅጽ ገና አልወጣም ነበር። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ ስኮት የሚቀረው ከራሞና በፊት ከያዛት ልጅ፣ ከናይቭስ ጋር ነበር፤ በኋላ ግን እንደገና ተቀርጾ ወደ ራሞና ዞረ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር እንምጣ። የመጀመሪያው ኤክስ ማቲው ፓቴል ባንዱ መድረክ ላይ እየተጫወተ እያለ ጣሪያ ሰብሮ ይገባል። ስኮት ጊታሩን ወርውሮ ይገጥመዋል፤ ቡጢው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፣ ነጥብ ይቆጠራል። ፓቴል ሲሸነፍ ደም የለም፣ ሬሳ የለም፤ ብትን ብሎ ሳንቲም ይሆናል። ስኮት ሳንቲሙን ለቃቅሞ ቢቆጥረው ለአውቶቡስ እንኳን አይበቃም። እኔን ከድብድቡ ሁሉ በላይ ያሳቀችኝ ይቺ ናት። ሽንት ቤት ሲገባ ደግሞ ከጎኑ መለኪያ ይመጣል፤ ሙሉ የነበረው ቀስ እያለ ባዶ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ማስጌጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሃያ ደቂቃ ይሰለች ነበር። ስኮት ግን ከመጨረሻው ኤክስ ከጊዲዮን ጋር ሲፋጠጥ ራሞናን እወዳታለሁ ብሎ የፍቅር ሰይፍ ያገኛል፣ ይዋጋል፣ ይሞታል። ደግነቱ ቀደም ሲል አንድ ትርፍ ነፍስ ይዟል። ተነስቶ ያንኑ ሌቭል ከመጀመሪያው ይደግመዋል። አሁን ግን የበደላቸውን ሰዎች ይቅርታ ይጠይቃል፣ የምዋጋው ለራሴ ነው ይላል፣ የሚሰጠውም ለራስ የሚሰጥ ክብር ሰይፍ ነው። ጌም የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፦ ስትሞት የት እንደተሳሳትክ ይገባሃል። የልጁን መብሰል በዚህ መንገድ ማሳየት ጎበዝ ሰው ይፈልጋል።

ተዋናዮቹን ዛሬ ላይ ስታዩ ትገረማላችሁ። ሁለተኛው ኤክስ ክሪስ ኢቫንስ ነው፣ በዓመቱ ካፒቴን አሜሪካ የሆነው። ሦስተኛው ብራንደን ራውዝ በ2006 ሱፐርማን ነበር። የስኮት የራሱ ኤክስ ደግሞ ብሪ ላርሰን ናት፣ ካፒቴን ማርቭል። የስኮትን ባንድ ዘፈኖች የጻፈው አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቤክ ነው። ከተማዋም ራሷን ሆና ነው የምትታየው። ብዙ ጊዜ ኒው ዮርክን መስላ የምትቀረጸው ቶሮንቶ እዚህ በስሟ ትጠራለች፤ የኢቫንስ ድብድብ እንኳን ካሳ ሎማ በሚባለው የከተማዋ ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ ነው።

ሲኒማ ላይ ግን ከሰረ። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም፤ አሜሪካ ውስጥ በከፈተበት ሳምንት አምስተኛ ነበር የወጣው። ከዚያ በዲቪዲና በወሬ ቀስ በቀስ አፍቃሪ አፈራ። የጌም ድርጅቱ ዩቢሶፍት በዚሁ ታሪክ ላይ በ2010 ያወጣው ጌም በ2014 ከገበያ ጠፍቶ በ2021 ተመልሷል።

እንከኑንም ልናገር። ናይቭስ የ17 ዓመት ተማሪ ናት፣ ስኮትም ያታልላታል፤ ፊልሙ ይሄን በሳቅ ነው የሚያልፈው። ራሞናም ብዙ ቦታ የሽልማት ዕቃ ትመስላለች። ይሄ የተሰማው ለእኔ ብቻ አይመስለኝም፤ በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ በወጣው ስምንት ክፍል ያለው አኒሜ (የጃፓን ዓይነት ካርቱን) የድሮዎቹ ተዋናዮች በድምፅ ተመልሰው ሲመጡ ታሪኩ ተገልብጧል። ስኮት በመጀመሪያው ድብድብ ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ ኤክሶቿን አንድ በአንድ እየዞረች የምታፋጥጠው ራሞና ራሷ ናት።