ጮቄን በበጋ መጎብኘት፦ ብርዱ፣ መንገዱና ማረፊያው

ጮቄ በጎጃም እምብርት ላይ የተንሰራፋ፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ሰፊ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የቀለጠ አለት ደጋግሞ እየፈሰሰና እየተደራረበ የሠራው በመሆኑ፣ ጀርባው እንደ አክንባሎ ከዳር ወደ መሐል በዝግታ ከፍ የሚል እንጂ እንደ ስሜን ተራሮች በገደል የተሰነጣጠቀ አይደለም። ገበሬው ማረሻውን ይዞ እስከ ላይኛው ደጋ ድረስ ሊዘልቅ የቻለውም በዚሁ አቀማመጡ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወደ ጮቄ የሚሄድ መንገደኛ የሚገባው ሰው ወደሌለበት ዱር ሳይሆን ገብስና ድንች ወደሚመረትበት፣ በግና ፈረስ ወደሚሰማራበት የሰው አገር መሆኑን ከመነሻው ቢያውቅ ጉዞውን በሚገባ ያቅዳል። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃን ጨምሮ በርካታ ወንዞች ከዚህ ተራራ እየፈለቁ፣ ጎጃምን ከብቦ ለሚፈሰው ዓባይ ይገብራሉ።

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ በጋው፣ በተለይም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። በክረምት ጭጋጉ ተራራውን ከዓይን ይሰውረዋል፤ የጠጠሩም መንገድ በጭቃ ይያዛል። በየካቲት ደግሞ ሣሩ ደርቆ አቧራው ይበረታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ የጠራ ነው፤ ታጭዶ የተከመረው ገብስ በየማሳው ይታያል፤ በአውድማውም ላይ በሬዎች እህሉን ሲያበራዩ ማየት ይቻላል። ከእነዚህ ወራት አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ታኅሣሥን እመርጣለሁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በብርዱ ጉዳይ ነው። ብርድ የክረምት ነው ብለው ስለሚያስቡ ለበጋው ስስ ልብስ ይዘው ይመጡና ሌሊቱን በሰቀቀን ያድራሉ። በክረምት ተራራውን የሚሸፍነው ደመና መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት አፍኖ ያሳድራል፤ በበጋ ግን ሰማዩ ገላጣ ስለሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል። የአየሩ ሙቀት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደብረ ማርቆስና ከተራራው ጫፍ መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሊነጋጋ ሲል ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ደጅ ባደረ ጆግ ውስጥ ያለው ውኃ ስስ በረዶ ያበጅና በጣት ሲነኩት ስንጥቅ ይላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ቀልጦ ጤዛ ይሆናል፤ ረፋድ ላይ ሰዉ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ ሥራውን ሲሠራ ይታያል። በመሆኑም ወፍራም ሹራብ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ካልሲ፣ ለመኝታም ጋቢ ወይም ቡልኮ መያዝ የግድ ነው። በዚያ ከፍታ የቀኑ ፀሐይ ፊትን ስለሚልጥ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ያስፈልጋል። ከቆላ የሚመጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ አድሮ ከፍታውን ቢለማመድ ከራስ ምታትና ከትንፋሽ ማጠር ይድናል።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በፍቼ በኩል ጎሐ ጽዮን ከደረሰ በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በካርታ ላይ አጭር ይመስላል፤ የጭነት መኪና ሲበዛ ግን ረጅም ሰዓት ይወስዳል። የራሱን መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑን ማስፈተሽ፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ በመብዛቱ፣ ቀን ከመቁረጥ በፊት በዚያው ከሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ዘንድ ደውሎ መጠየቅ፣ ደህና ካልሆነም ጉዞውን ያለ ጸጸት ማስተላለፍ ይገባል። መንገዱ ሰላም ሲሆንም ቢሆን ማለዳ ተነሥቶ ሳይመሽ መግባት ይሻላል።

ከተማዋ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዘመን መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ስም ከሰየሟት በኋላ ነው። ሆቴል፣ ባንክ፣ ነዳጅ ማደያና የመድኃኒት መደብር ስላላት ለተራራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ከዚህ መያዝ ያሻል፤ በተለይ ጥሬ ገንዘብ። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑና የጥምቀት በዓልም ስለሚውልበት በዚያን ሰሞን አልጋ ቀድሞ መያዝ ይገባል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የስናን ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ሮብ ገበያ ያደርሳል። የከተማዋ ስም እንደሚናገረው የገበያ ቀን ረቡዕ ነውና፣ ጉዞውን ከዚሁ ቀን ጋር ያገናኘ ሰው በፈረስና በበቅሎ ተጭኖ የሚወርደውን ድንችና ገብስ፣ በጓሳ የተገመደውንም ገመድ ለማየት ይታደላል። ከዚያ በላይ የቀርከሃው ጥሻ፣ አለፍ ሲል አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ጓሳውና ጅብራው ይከተላሉ። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ የሚሞት ተክል ነው። ለፎቶግራፍ ሲባል አንዱን መስበር ዘር ሳይሰጥ ማስቀረት ስለሆነ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አስታው ለማገዶ ከመቆረጡ፣ ጓሳውም ከመታረሱ የተነሣ ተራራው እየተራቆተ ነውና የቀረው ሊታዘንለት ይገባል።

በዚሁ አካባቢ ያለው የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅ በ2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። በተራራው ላይ የተለመደው ማረፊያ ግን የገበሬው ቤት ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች» ብሎ የተጣራ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ ከምድጃው አጠገብም ቦታ ይለቀቅለታል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ስለሆነ በነዚህ ሳምንታት ወተትና ሥጋ መጠየቅ ባለቤቶቹን ያሳቅቃል፤ የሚቀርበው ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ቆሎና በሶ ነው። ከታኅሣሥ 29 በኋላ ደግሞ ቅቤውም አይቡም ይወጣል። ስንብት ላይ ስኳር፣ ቡና ወይም ሳሙና መተው ከገንዘብ ይልቅ ደስ ያሰኛል፤ መንገድ ለመራና በቅሎ ላከራየ ሰው ግን ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ መክፈል ተገቢ ነው።

በመጡበት መመለስ የማይሻ መንገደኛ የተራራውን ጀርባ ተሻግሮ የቢቡኝ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ድጓ ጽዮን፣ ከዚያም ወደ ሞጣ ወርዶ ባሕር ዳር መግባት ይችላል። ይህ መንገድ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፤ የላይኛውን ደጋ የሚያቋርጡበትን ሰዓትም ጉም ሳይነሣ፣ ከረፋዱ በፊት ማድረግ ይሻላል።