«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ»፦ ለምርጫ ደጋፊዎች የሚሆን ምሳሌ

አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። የወጋው ሰው ጦሩን ነቅሎ፣ ወልውሎ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ኑሮውን ይቀጥላል። የተወጋው ግን ቁስሉ እስኪሽር ይተኛል፤ ከሻረለትም በኋላ ገላውን በታጠበ ቁጥር ጠባሳውን ያየዋል። ምሳሌው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በዳይ የሆነ ሰው «ያለፈው አለፈ፣ አሁን ምን ያነሳዋል?» ሲል ነው። ያን ጊዜ ተበዳዩ ወይም በመካከል የተቀመጠው ሽማግሌ በእነዚህ አራት ቃላት ይመልስለታል።

በምርጫ ሰሞን በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚወዱት ፓርቲ ወይም እጩ የሚከራከሩ ሰዎች ከየትኛውም ምሳሌ ይልቅ ይህን ሊይዙት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አባባሉ ከወጣበት ኑሮ ልጀምር።

ምሳሌው የጦርና የጋሻ ዘመን ልጅ ነው። ጦር ለዘመቻ ብቻ የሚወጣ መሣሪያ አልነበረም፤ የአባወራው የዕለት መያዣ ነበር። ስለዚህ በእርሻ ድንበር፣ በግጦሽ፣ በድግስ ላይ በተወረወረች አንዲት ቃል የተጀመረ ጠብ ደም እስከማፍሰስ ይደርስ ነበር። ደም ከፈሰሰ በኋላ ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል አይቀርም፤ ዘመድ ከዘመድ፣ መንደር ከመንደር ይቋሰላል። ይህን የሚያቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ወይም በአንገቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። ድንጋዩ ወጊው በገዛ ጊዜው የሚረሳውን ነገር ለጊዜው እንዲሸከመው ያደርገዋል። እርቅ የሚጀምረው በዳዩ ሲያስታውስ ነው እንጂ ተበዳዩ ሲረሳ አይደለም። የምሳሌው ፍሬ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መውጋት ደግሞ በብረት ብቻ አልቀረም። «በነገር ወጋኝ»፣ «ጎን የሚወጋ ንግግር» እንላለን፤ ቃሉንም ከጦሩ እኩል እንቆጥረዋለን። በአዲስ አበባ መሃል ይህ አነጋገር ብቻ ሆኖ ያልቀረበት ጊዜ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ዓምድ የሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ሰዎች በብዕር ስም ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ ነበሩ፤ ብዙዎቹ በስድስት ኪሎ ግቢ አብረው የዘመሩ፣ አብረው የታሰሩ። ክርክሩ የጀመረው በሐሳብ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ስም መለጠፍ ሐሳቡን አሸነፈው፤ አንዱ ወገን «አናርኪስት» ሲል ሌላው «ባንዳ» አለ። ባንዳ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ነው፤ አባቱ አርበኛ ለነበረ ወጣት ከዚህ የባሰ ስድብ አይገኝም። ከስሙ ቀጥሎ ጥይቱ መጣ፤ ከዚያም ቀይ ሽብር። ዛሬ በመስቀል አደባባይ ጫፍ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእነዚያ ወጣቶች ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተውታል። እልቂቱን ስድብ ብቻውን አመጣው አልልም፤ የመንግሥት ሥልጣንና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ሰው ሰውን ለመግደል ከመነሳቱ በፊት ሰውነቱን የሚነፍግ ስም ያወጣለታል፤ ስሙን ያወጡት ደግሞ ብዕር የያዙ ደጋፊዎች ነበሩ።

የ1997 ምርጫም የራሱን ትምህርት ትቶ አልፏል። ቅዳሜ ሚያዝያ 29 የኢሕአዴግ ደጋፊዎች፣ በማግስቱ እሑድ ሚያዝያ 30 የተቃዋሚዎች ደጋፊዎች በዚያው በመስቀል አደባባይ ወጡ። ሁለቱም ሰልፎች በሰላም አለቁ። የዚያች ከተማ ሕዝብ ምን ያህል ጨዋ እንደነበር ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። በዚያው ሰሞን ግን ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን የሩዋንዳን የዘር ጭፍጨፋ ከፈጸመው ታጣቂ ቡድን፣ ከኢንተርሃምዌ ጋር አነጻጸረ። ከግንቦት 7 ምርጫ በኋላ በተነሳው ውዝግብ በሰኔና በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደሞቱ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ቆጥሯል። ዛሬ ያን ዘመን የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ክርክሮቹ ብትጠይቁት የግብርና ፖሊሲውን ዝርዝር ላያስታውስ ይችላል፤ ኢንተርሃምዌ የሚለውን ቃል ግን ያስታውሳል። የተናገሩት ሰዎች በሌላ ሥራ ተጠመዱ፤ ቃሉ የተነገረባቸው ሰዎች ጋር ግን ቀርቷል።

ያኔ ፌስቡክ በእጃችን አልነበረም። አሁን ጦሩ በየሰው ኪስ አለ።

ከሚያዝያ 27 አደባባይ ወረድ ብሎ የሚኖሩ፣ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የሚያገለግሉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ከሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ በፊት በአንድ እጩ ገጽ ላይ ጥያቄ ጻፉ፤ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ጉዳይ እንዴት ይታሰባል የሚል፣ ሰላምታ ያለው፣ ባለ ሁለት መስመር ጥያቄ። መልሱ ከእጩው አልመጣም። ከደጋፊዎቹ መጣ። «አንቺ ተላላኪ፣ ስንት ተከፈለሽ?» አላቸው አንዱ። ሌላው ከገጻቸው ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ የሚያሸማቅቅ ጽሑፍ ጨመረበትና መልሶ ለጠፈው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ያውቁታል፤ የእድራቸው አባል ልጅ ነው፣ ከእናቱ ጋር ለዓመታት ቡና ተጠራርተዋል። እሳቸው የምርጫ ካርድ አውጥተው ነበር፤ በዕለቱ ግን ከቤት አልወጡም። ወራት አልፈው በሰፈር ለቅሶ ሲደርሱ ይኸው ልጅ በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እያዞረ ነበር። ዝቅ ብሎ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አላቸው፤ በቅን ልብ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ንፍሮውን በእጃቸው ተቀብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። ለእኔ ያሉኝ ይህን ነው፦ «በድንኳን ውስጥ አንቱ የሚለኝ ልጅ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አንቺ አለኝ።»

ልጁ ክፉ አይደለም። የዚያን ዕለት ስንት ሰው ላይ እንደጻፈ እንኳ አያስታውስም። ደጋፊ እንዲህ ሲጽፍ ለተሳዳቢነቱ ጭብጨባ የሚሰጡትን የራሱን ወገኖች እያየ ነው፤ የሚወጋውን ሰው ፊት አያየውም። ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ቃል ሲወረውር እያንዳንዱ «እኔ ምን አልኩ?» ይላል፤ ሃምሳውንም የምትቀበለው ግን አንዲት ሴት ናት። ምሳሌው ስለ መርሳት ሲናገር የድሮው ወጊ ቢያንስ ደም አይቶ ነበር። የዛሬው ግን ደሙን ሳያይ ስለሚወጋ ከእሱ ይበልጥ በፍጥነት ይረሳል።

ሕግ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ይደነግጋል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ነገር ግን አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳትን መሠረት ያደረገውን ነው። በፖለቲካ አቋሟ ምክንያት «ተላላኪ» የተባለች እናት በዚያ ትርጓሜ ውስጥ አትገባም። መግባት አለባት እያልኩም አይደለም፤ ፖለቲካዊ ስድብን ሁሉ ወንጀል ማድረግ ከስድቡ የከፋ መሣሪያ ለባለሥልጣን መስጠት ነው። ስለዚህ ሕጉ የማይደርስበትን ሰፊ ቦታ የሚጠብቀው ባህላችን ነው፤ ይህ ምሳሌም የዚያ ቦታ ዘበኛ ነው።

ታዲያ ደጋፊ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ጥያቄን እንደ ጥቃት አይቁጠር። የሚጠይቅ ሰው ገና ያልወሰነ ሰው ነው፤ እጩ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነው። መልሱ በፓርቲው ፕሮግራም ውስጥ ካለ ገጹን ጠቅሶ ማሳየት፣ ከሌለ ደግሞ «ይህን አላየሁም፣ ለእጩው አደርሳለሁ» ማለት ይቻላል። ሐሰት የተናገረውን ሰው ሐሰቱን ነጥሎ ማረም ይበቃል፤ የትውልድ ቦታውን፣ የአባቱን ስም፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ መፈለግ እርማት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የራስን ወገን መገሠጽ ነው። ተቃራኒው ሲሳደብ «ነውር ነው» ማለት ቀላል ነው። የእኛ ሰው ሲሳደብ «ወንድሜ፣ ይህ ለእኛም አይጠቅመንም» የሚል ደጋፊ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለእጩው ከማንም ይበልጥ የሚሠራለት እሱ ነው። ምክንያቱም መራጩ የደጋፊውን አንደበት ከእጩው አንደበት ለይቶ አያየውም።

እዚህ ላይ ምሳሌውን ስለሚያጣምሙት ሰዎች አንድ ነገር ልናገር። «የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ግማሽ ቆርጠው ለበቀል መፈክር ያደረጉት አሉ፤ ትናንት ሰድበውናል፣ ዛሬ ተራው የእኛ ነው እያሉ። ይህ ፈጽሞ የምሳሌው መንፈስ አይደለም። አባባሉ ወጊውን የሚያስጠነቅቅ እንጂ ተወጊውን የሚያስታጥቅ አይደለም። አለመርሳት መበቀል ማለት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎች በእርቅ ቦታ ባልተጠቀሙበት ነበር። የተወጋ ሰው ሳይረሳ ይቅር ሊል ይችላል፤ የለቅሶ ድንኳኖቻችን ሞልተው የሚታዩት እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው።

የወጋ ደጋፊ መመለሻ አለው፤ መንገዱም ከጥንቱ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም። በአደባባይ የተሰደበ ሰው በስውር መልእክት ይቅርታ አይበቃውም። ስድቡ በተጻፈበት ቦታ፣ ስድቡን ያዩት ሰዎች በሚያዩበት፣ «ትናንት ለእርስዎ የጻፍኩት ስሕተት ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ያሉት ጥቂት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ይቆማል፣ ደጋፊም እጁ ባዶ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት ወደ ኋላ ሄዶ በዘመቻው ወራት የጻፋቸውን አስተያየቶች አንድ በአንድ ቢያነብ ጥሩ ነው። የሚያሳፍረውን ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ የተሰደበው ሰው የገጹን ምስል ቀርጾ በስልኩ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ይቅርታውን ከሥሩ ይጻፍ፣ ተበዳዩ አይቶ መልስ እስኪሰጥ ይጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ያጥፋው።