ከቺፒንግ ካምደን እስከ ባዝ፦ አፋፍ አፋፉን የሚሄደው የኮትስዎልድ መንገድ

ካርታ ላይ ቺፒንግ ካምደንንና ባዝን በማስመሪያ ብታገናኟቸው በመካከላቸው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን 164 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኮትስዎልድ ዌይ የሚባለው ይህ የእንግሊዝ የእግር መንገድ ለመድረስ አይቸኩልም። የኮረብታውን አፋፍ ይዞ ይሄዳል፤ አፋፉ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። አንዳንዴ አንዲት መንደር ለማሳየት ብቻ ቁልቁል ይወርድና እንደገና አቀበቱን ያስወጣል። ብዙ ሰው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጅበታል።

ቁመቱ አያስፈራም። ከኮትስዎልድ ኮረብቶች ትልቁ ክሊቭ ሂል 330 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ጉድጓድ ነው። ነገር ግን የአካባቢው ምዕራባዊ ጎን ድንገት ተቆርጦ ይወርዳል። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ የሰቨርን ወንዝ ሸለቆ፣ ማዶ የማልቨርን ኮረብቶች፣ ቀኑ ከጠራ ደግሞ የዌልስ ተራሮች ይታዩታል።

መንገዱን በሙሉ የሚከተላችሁ ድንጋዩ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እስከ በግ ጉረኖ የተሠራው በአንድ ዓይነት የኖራ ድንጋይ ነው። ቁራጩን አንስታችሁ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ጤፍ የደቀቁ ክብ ክብ ቅንጣቶች የተጣበቁበት ይመስላል። እነዚህ በጁራሲክ ዘመን፣ አገሩ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር በነበረበት ጊዜ፣ የተንከባለሉ የኖራ እንክብሎች ናቸው። በሰሜን በኩል ድንጋዩ የማር ቀለም አለው። ወደ ባዝ በቀረባችሁ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል። የእርሻ ድንበሮቹም ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ የተደረደሩ ካቦች ናቸው።

ያ ሁሉ ድንጋይ በሕንፃ መልክ የቆመው በበግ ፀጉር ገንዘብ ነው። «ቺፒንግ» ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ ገበያ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የኮትስዎልድ በግ ፀጉር በመላው አውሮፓ ይፈለግ ነበር፤ በ1401 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሞተው ዊልያም ግሬቭል የካምደን ትልቁ የበግ ፀጉር ነጋዴ ነበር። ቤቱ ዛሬም በዋናው ጎዳና ላይ አለ። በ1627 የተሠራው የገበያ አዳራሽም እዚያው ነው። ግድግዳ የለውም፣ ዓምድና ጣራ ብቻ። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ እያያችሁ ርገጡ።

ይህ መንገድ በአብዛኛው የሚያልፈው በሰው መሬት ላይ ነው። በግል ግጦሽ፣ በስንዴ ማሳ መሀል፣ አንዳንዴም በገበሬው ግቢ አጠገብ። በእንግሊዝ ሕግ የሕዝብ መተላለፊያ የሆነን መንገድ ባለመሬቱ መዝጋት አይችልም፤ ተጓዡም ከመንገዱ መውጣት የለበትም። በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ እነዚህ መተላለፊያዎች ተመዝግበው ካርታ ላይ እንዲሰፍሩ አዘዘ። በግሎስተርሻየር የነበሩ የእግር ጉዞ ወዳጆች የተበጣጠሱትን መተላለፊያዎች አያይዘው አንድ ረጅም መስመር አደረጓቸው። በ1970 ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ ብሔራዊ መንገድ ሆነ። ምልክቱ የኦክ ዛፍ ፍሬ ነው፤ በየምሰሶውና በየበሩ ላይ ታገኙታላችሁ።

በሮቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ ግማሽ ክብ አጥር ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ ናቸው። ገፋ አድርጋችሁ ትገቡና ጥጉ ላይ ቆማችሁ በሩን ወደ ኋላችሁ ትመልሱታላችሁ፤ ከዚያ በሌላው በኩል ትወጣላችሁ። ሰው ያልፋል፣ ላም አታልፍም። ትልቅ ሻንጣ የተሸከመ ሰው ግን ከላሟ ብዙም አይሻልም።

ከካምደን ወጣ እንዳላችሁ ዶቨርስ ሂል ይመጣል። እዚህ ከ1612 ጀምሮ፣ መሀል ላይ እየተቋረጠም ቢሆን፣ የመንደር «ኦሊምፒክ» ይደረጋል። ዋናው ግጥሚያ ቅልጥም ለቅልጥም መራገጥ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ሱሪያቸው ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀው ይገባሉ። ቀጥሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተሠራው የብሮድዌይ ግንብ አለ፤ ለዕይታ ተብሎ የቆመ የባላባት ቅንጦት ነው። ከዊንችኮም ከተማ በላይ ቤላስ ናፕ የሚባል ከ5000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የመቃብር ጉብታ ታገኛላችሁ። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ የድንጋይ በር የውሸት ነው፤ የትም አያስገባም። እውነተኞቹ ክፍሎች በጎንና በጎን ተደብቀዋል። ከ30 በላይ ሰዎች አፅም ወጥቶባቸዋል። ለእኔ ከመንገዱ ሁሉ አስገራሚው ቦታ ይህ ነው።

ወደ ደቡብ ኩፐርስ ሂል አለ፤ በየዓመቱ በግንቦት ማብቂያ ገደማ ክብ አይብ ከላይ ተንከባልሎ ወጣቶች ገደል በመሰለው ቁልቁለት የሚከተሉበት። የሚሽቀዳደሙት ለአይቡ ነው፣ የሚሰበረው ግን እጅና እግራቸው ነው። ከኖርዝ ኒብሊ በላይ ያለው 34 ሜትር ግንብ በ1866 የቆመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ ሕይወቱን ላጣው ለዊልያም ቲንደል መታሰቢያ ነው። ላንስዳውን ላይ መንገዱ በ1643 የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉበትን ሜዳ ያቋርጣል። ከዚያ ባዝ ከታች ትታያለች።

መንገዱ ወደ ባዝ የሚገባው በዌስተን ሰፈር በኩል ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ኬልስተን መንገድ ላይ ፌርፊልድ ሀውስ አለ። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህ ቤት ነው። ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ከተናገሩ በኋላ የመጡት ወደዚህች ከተማ ነበር። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ምልክቱ ወደዚያ አይወስዳችሁም፤ እናንተ ግን ዞር ብላችሁ እዩት።

የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በ30 ቤቶች በተሠራው ግማሽ ጨረቃ፣ በሮያል ክረሰንት በኩል አድርገው ከባዝ አቢ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደርሳሉ። እዚያ መሬቱ ላይ የመንገዱን ማብቂያ የሚያሳይ ክብ ድንጋይ ተነጥፏል። ብዙ ተጓዥ ጭቃ የጠገበ ጫማውን እዚያ ላይ አቁሞ ፎቶ ይነሳል። ቀና ካላችሁ በሩ ግራና ቀኝ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ መላእክት በመሰላል ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ በጭንቅላታቸው ወደ ታች እየወረዱ ናቸው።