የካምፓስ ፖሊስ ዲስፓቸር ምንድን ነው?

ስልኩ ጮኸ። ተማሪ ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ጓደኛዬ ወደቀ፣ አይሰማኝም፣ ቶሎ ኑ!»

ስልኩን ያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ አይደለም። «የት ነው ያለኸው?» ነው። «ዶርም።» የትኛው ዶርም? «አዲሱ፣ ከካፌው ኋላ ያለው።» ስንተኛ ፎቅ? ክፍል ቁጥሩስ? ይተነፍሳል? እየጠየቀ ይጽፋል። እየጻፈ ደግሞ በሌላኛው ጆሮው ሬዲዮ ይሰማል፤ መንገድ ላይ መኪና ያስቆመ ፖሊስ ታርጋ ጠርቶለት መልስ እየጠበቀ ነው።

የካምፓስ ፖሊስ ዲስፓቸር የሚባለው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። የግቢ ጥበቃ ማለቴ አይደለም፤ ቃለ መሐላ የፈጸሙ፣ መሣሪያ የታጠቁ፣ ሰው ማሰር የሚችሉ ፖሊሶች ናቸው። ነገሩ የቆየ ነው፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ዲስፓቸሩ ግን አብሯቸው ቢሠራም ፖሊስ አይደለም። ሲቪል ሠራተኛ ነው። ሽጉጥ አይታጠቅም፣ ሰው አያስርም። ጥሪ ይቀበላል፣ ጉዳዩን ይለያል፣ ማን መሄድ እንዳለበት አውቆ ይልካል፣ የላከውም ሰው በደህና እስኪጨርስ ድረስ ይከታተላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ከውጭ ሲታይ ስልክ ማንሳት ብቻ ይመስላል፤ ግማሹ ሥራ ግን ሜዳ ላይ ያለውን ፖሊስ መጠበቅ ነው።

ወደ «የት ነህ?» ልመለስ፣ የዚህ ሥራ ሁሉ ነገር እሷ ላይ ነውና። መስመሩ ቢቋረጥ፣ ደዋዩ ራሱን ቢስት፣ ቦታው ከታወቀ ሰው መላክ ይቻላል። የሆነው ነገር ታውቆ ቦታው ካልታወቀ ግን ማንም የትም አይሄድም። «ስልኬ ያለሁበትን ያሳይ የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ያሳያል፣ ግን በግምት ነው። ሕንፃውን እንኳ ቢያገኘው ሦስተኛ ፎቅ ይሁን ዘጠነኛ አስተማምኖ ላይናገር ይችላል። ካምፓስ ደግሞ በዚህ በኩል አስቸጋሪ ነው። ተማሪው ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ የሚያድርበትን ሕንፃ የመንገድ አድራሻ አያውቅም፣ ሕንፃው ካርታው ላይ አንድ ስም አለው፣ ተማሪዎቹ በሌላ ስም ይጠሩታል። ስለዚህ ጀማሪ ዲስፓቸር ገና ሲገባ የሚሸመድደው ካርታ ነው። አምቡላንስ በየት በኩል ይገባል? ማታ የሚከፈተው የትኛው በር ነው? አደገኛ ኬሚካል ያለው የትኛው ላብራቶሪ ነው? ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሰው እያለቀሰ ካርታ መፈለግ አይቻልም።

ግቢው ውስጥ የቆሙት ሰማያዊ መብራት ያላቸው የአደጋ ስልኮችም የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው። ቁልፉ ሲጫን የትኛው ምሰሶ እንደሆነ የዲስፓቸሩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ደዋዩ ቃል ሳይተነፍስ ቢሮጥ እንኳ ፖሊስ ይላካል።

ከዚህ ጋር የምትያያዝ ሁሌ የምታሳዝነኝ ታሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ቴክሳስ ውስጥ ካሪ ሀንት የተባለች እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ተገደለች። የ9 ዓመት ልጇ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የሆነውን 911 ደጋግማ ደወለች፤ አልገባላትም። የሆቴሉ ስልክ ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ ሌላ 9 መጫን ይፈልግ ነበር፣ ሕፃኗ ይህን ከየት ታውቃለች? በ2018 በእናቲቱ ስም የፌዴራል ሕግ ወጣ። ከ2020 ወዲህ የሚገጠም የሆቴልም፣ የቢሮም፣ የዩኒቨርሲቲም የስልክ ሥርዓት ያለ ምንም መነሻ ቁጥር 911ን ማስደወል ግዴታው ሆነ።

ታዲያ ከካምፓስ የተደወለ 911 ሁሉ ቀጥታ የካምፓሱ ዲስፓቸር ጋ አይገባም። እንደ ቦታው ይለያያል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ 911ን ራሱ ይቀበላል፤ ሌላው ጋ በሞባይል የተደወለው መጀመሪያ የከተማው ወይም የካውንቲው ማዕከል ጋ ያርፍና ከዚያ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ተማሪዎች የካምፓሱን ፖሊስ ቀጥታ ቁጥር ስልካቸው ላይ እንዲይዙ የሚመከሩት።

ቀኑን የሚሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ቁልፉን ክፍል ውስጥ ጥሎ የወጣ፣ ከላይብረሪ እስከ ዶርም የሚሸኛት የምትፈልግ፣ ብስክሌት የጠፋበት፣ ምግብ አሳርሮ የሕንፃውን የእሳት ደወል ያስጮኸ። ከሁሉም የሚከብደኝ የወላጅ ስልክ ነው። ሌላ ስቴት ያለች እናት ትደውልና «ልጄ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳም» ትላለች። ብዙ ጊዜ ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ወይ ስልኩ ተበላሽቷል። ፖሊሱ ያንኳኳል፣ «እናትህ ተጨንቃለች፣ ደውልላት» ብሎ ይመለሳል። ሁሌ እንደዚያ ግን አያልቅም። ዲስፓቸሩ ደግሞ በሩ እስኪከፈት ድረስ ምን እንዳለ አያውቅም። እናቲቱንም ቢሆን «አይዞሽ፣ ደህና ነው» ማለት አይችልም። ማለት የሚችለው «አሁን ሰው ልኬያለሁ» ብቻ ነው።

ሬዲዮው የራሱ ቋንቋ አለው። ፊደል በስም ነው የሚጠራው፣ ቢ እና ዲ እንዳይምታቱ። ብዙ የአሜሪካ ፖሊሶች ጋ ኤ «አዳም»፣ ቢ «ቦይ»፣ ሲ «ቻርልስ»፣ ዲ «ዴቪድ» ነው። ፖሊሱ መኪና ሲያስቆም ቦታውንና ታርጋውን ይናገራል፤ ዲስፓቸሩ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ታርጋውን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል፣ መኪናው የተሰረቀ ወይም ባለቤቱ የሚፈለግ ከሆነ ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ሊነግረው ይጣደፋል። ፍለጋው የሚደረገው ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በ1967 ባቋቋመው ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ቋት ጭምር ነው። ለወሬ ብሎ የጎረቤቱን ታርጋ ያየ ሰው ሥራውን ያጣል፣ ሊከሰስም ይችላል። ፖሊሱ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ድምፁ ከጠፋ ዲስፓቸሩ ይጠራዋል፤ መልስ ካጣ ሌላ ፖሊስ ይላካል።

ካምፓስን ከከተማ የሚለየው ትልቁ ነገር ክሌሪ አክት የሚባለው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረች ጂን ክሌሪ የተባለች የ19 ዓመት ልጅ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ ታገሉና በ1990 ሕጉ ወጣ። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ግቢው ውስጥ የሚፈጸመውን ወንጀል ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ፖሊስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዕለታዊ የወንጀል መዝገብ ይይዛል፤ ሪፖርት የተደረገ ነገር በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እዚያ መግባት አለበት። መዝገቡ የሚጀምረው ዲስፓቸሩ ከጻፈው ነው። እሱ «ስርቆት» ብሎ የጻፈው ነገር በእርግጥ ቤት ሰብሮ መግባት ከሆነ፣ ስህተቱ እስከ ዓመታዊው ሪፖርት ሊከተል ይችላል።

ማስጠንቀቂያም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2007 ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ አንድ ዶርም ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በጥይት ተመቱ። ለግቢው ኢሜይል የተላከው 3:26 ላይ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ገዳዩ ሌላ ሕንፃ ገባ። በዚያ ቀን ያለ ገዳዩ 32 ሰው ሞተ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሻለና፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መኖሩ እንደተረጋገጠ ግቢው ወዲያው እንዲያውቅ ግድ ሆነ። አሁን በብዙ ካምፓስ በሁሉም ስልክ ላይ የሚደርሰውን መልእክት የሚልከው፣ አለቃው ከፈቀደ በኋላ ወይም በተሰጠው ሥልጣን፣ ሌሊት ብቻውን የተቀመጠው ዲስፓቸር ነው። ወንበሩን የማከብረው ለዚህ ነው።

የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ጀማሪ ዲስፓቸር» የሚል ብታዩ እንግዲህ ቃሉ አያታልላችሁ። ጀማሪ የሚባለው ልምድ ስለማይጠየቅ ነው እንጂ ሥራው ቀላል ሆኖ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው 18 ዓመት መሙላትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስ ነው። ከዚያ የታይፕ ፈተና፣ የጣት አሻራ፣ ያለፈ ታሪክ ማጣራት፣ አንዳንዱ ጋ የሥነ ልቦና ምርመራም ይመጣል። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 120 ሰዓት መሠረታዊ ኮርስ ትጠይቃለች። ከኮርሱ በኋላ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት፣ አሠልጣኝ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያንኑ መስመር እየሰሙ መሥራት ነው። በእኔ እምነት ሰውን የሚጥለው ታይፕ አይደለም፣ ታይፕ ይለመዳል። የሚከብደው ሁለት ድምፅ ባንዴ እየሰሙ አንዱንም አለመሳት ነው። እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ ደግሞ፣ እዚያ የሚፈለገው ቀስ ብሎ፣ አጥርቶ፣ ሳይደናገጡ መናገር ነው።

ሺፍቱ 8፣ 10 ወይም 12 ሰዓት ነው። ሌሊት አለ፣ በዓል አለ። ጀማሪ ደግሞ ማንም ያልፈለገው ሺፍት ነው የሚደርሰው።

አንድ ነገር ያናድደኛል። የፌዴራል መንግሥት የሥራ ምደባ እነዚህን ሰዎች የሚቆጥራቸው ከቢሮና አስተዳደር ድጋፍ ሠራተኞች ጋር ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫን በስልክ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አብሮ እየቆጠረ የሚያስጫንን ሰው ከጸሐፊ ጋር መመደብ ልክ አይደለም። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በየራሳቸው ሕግ ከቀዳሚ የአደጋ ደራሾች ተርታ አስገብተዋቸዋል።

ማመልከት የምታስቡ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት መምሪያውን «ቁጭ ብዬ ሥራውን ልመልከት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ አጣርተው ለጥቂት ሰዓት ያስገቧችኋል። ምርጫ ከሰጧችሁ ማክሰኞ ጠዋት አትሂዱ። አርብ ማታ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ።