ስለ እንጦጦ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግዳ ይዞ እንጦጦ ያልወጣ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ሁሉም አስጎብኚ ይሆናል። እኔም ስንቱን ዘመድ ስቀባጥርለት ኖሬያለሁ። ዛሬ ላርም።

«ይህ ከጥንት የነበረ ደን ነው»

አይደለም። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ አገሩም አውስትራሊያ። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ እየነገረን አንሰማውም። የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። የአገሩ ዛፍ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲቆረጥ ተመናመነ። የእንጨቱ እጥረት ከመክፋቱ የተነሣ ምኒልክ ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው፣ እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ቀረና ያ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ይህ መጤ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

«እንግዲያው ባለውለታችን ነው፣ አይነካ» የሚልም አለ። ውለታው አይካድም። ግን ውኃ በኃይል ይስባል፤ ከሥሩም ሣር እንኳ እንደ ልቡ አይበቅልም። አገር በቀል ችግኝ የሚተከለው ወደው አይደለም።

«ፓርኩ ሳይሠራ እዚያ ምን ነበረ?»

ፓርኩ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት ግን እዚሁ፣ እንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ቤተ መንግሥት አያለሁ ብሎ የመጣ እንግዳ ግን ቅር ይለዋል። በኖራ የተለሰነ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው የሚያገኘው። እኔ ይኼንኑ ነው የምወደው።

«ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ታች የወረዱት ለፍል ውኃው ብቻ ነው»

ፍል ውኃውማ ስቧቸዋል። ነገር ግን የተራራው ብርድና የማገዶ ችግርም ገፍቷቸዋል።

«የእንጦጦ ውኃ ሁሉ አቃቂ ይገባል»

ይቺ የራሴ ስህተት ነበረች። በከተማው በኩል ላለው ጎን እውነት ነው። ቀበናም ቀጨኔም ከዚያ ወርደው አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳያይ፣ አፋር ምድር ጅቡቲ ጠረፍ ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሱሉልታ በኩል ያለው ጎን ግን ሌላ ዓለም ነው። ያኛው ውኃ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። አናቱ ላይ ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዷ የአፋር፣ አንዷ የዓባይ መንገደኛ ናት ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እዚያ ላይ ዝናብ ሲይዘኝ አልበሳጭም። ብዙም።

«ፀሐይ ወጥቷል፣ ጃኬት ምን ያደርጋል?»

ተራራው 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከመስቀል አደባባይ በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል። እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልምምድ የሠሩበትም አየሩ ስስ በመሆኑ ነው። ባለፈው ያመጣኋት የአክስቴ ልጅ በነጠላ ብቻ ወጥታ፣ ግማሹን ቀን መኪና ውስጥ ሆና ነው የጎበኘችው።